ሥራውን ብንጠላው ሒሳቡን መብላት ተፈቀደልን?

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለእስላማዊ ጋዜጣ ገጽ የማይመጥን መስሎ የሚታያችሁ አትጠፉም። ስለ ስፖርት አስጨፋሪዎች ክፍያ ነው የምጽፈው። «ስንት የኡማው ችግር እያለ ስለ ጭፈራ?» የሚለኝ ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቢሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር። እንዲያውም ብያለሁ፤ ያሳፈረኝና ብዕር ያስነሣኝም ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ እዚሁ ደብረ ብርሃን ትኖራለች። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ በማፈላለግ ላይ ሳለች፣ በከተማችን ለሚደረግ አንድ የጎዳና ሩጫ ሯጮቹንና ተመልካቹን የሚያሟሙቁ ወጣቶች ይፈለጋሉ ተብሎ ከጓደኞቿ ጋር ተመዘገበች። አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ ተለማመዱ። በሩጫው ዕለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣች። የደብረ ብርሃንን የንጋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምንኖረው። ሒጃቧን ሳታወልቅ፣ በረጅም ቀሚሷ ላይ የአስተዋዋቂውን ካናቴራ ደርባ፣ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ስታጨበጭብ፣ ስትዘልና ድምፅዋ እስኪዘጋ ስትጮኽ ዋለች። ይከፈላችኋል የተባሉት 600 ብር ነበር። በመጨረሻ እጃቸው የገባው ካናቴራውና ለትራንስፖርት ተብሎ የተሰጠ 200 ብር ነው። ሲጠይቁ «ቪዲዮው ላይ ወጥታችሁ አገር አይቷችኋል፤ ይኸን ዕድል በነጻ የሚፈልጉ ስንት አሉ!» ተባሉ። አጥብቀው ሲጠይቁ ደግሞ «ለመሆኑ ምን ውል ፈርማችኋል?» የሚል መጣ።

«ጋሼ፣ ሰውየው እርስዎን ያከብርዎታል፤ አብረውኝ ሄደው ይጠይቁልኝ» አለችኝ። እኔስ ምን አልኩ? «መጀመሪያውኑ እዚያ ምን አስገባሽ? ሙዚቃ ባለበት፣ ወንድና ሴት በተደባለቀበት ቦታ! በረካ የሌለው ገንዘብ ነው፤ ይቅርብሽ።» ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «እሺ ጋሼ። ግን ለኔ ሐራም የሆነው ገንዘብ ለሱ ሐላል የሆነለት እንዴት ነው?» አለችኝና ሄደች።

መልስ አልነበረኝም። መልስ ያጣሁበትን ምክንያት ለማግኘት ጥቂት ቀናት ፈጀብኝ፤ ያገኘሁትን ነው እነሆ የማካፍላችሁ።

መጀመሪያ ማበረታታት ራሱ ሥራ ነው ወይ የሚለውን እንይ። ብዙዎቻችን እንደ ጨዋታ እናየዋለን፤ መጮህ ማን ያቅተዋል? ሆኖም ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀስት ይወራወሩ በነበሩ ሰዎች አጠገብ ሲያልፉ እንዳበረታቷቸው፣ ከአንደኛው ወገን ጋር ነኝ ሲሉ ሌላው ወገን እጁን እንደ ሰበሰበ፣ ከሁላችሁም ጋር ነኝ ሲሏቸው ደግሞ ሁሉም መወርወር እንደ ቀጠሉ ቡኻሪ ዘግበውታል። በዒድ ቀን በመስጊዳቸው ውስጥ በጦርና በጋሻ የተጫወቱትን ሐበሾች ማበረታታቸውን፣ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ከኋላቸው ሆና ማየቷን የማያውቅ የሐበሻ ሙስሊም የለም። የአንድ ሰው ቃል የሌላውን ክንድ እንደሚያበረታ ወይም እንደሚያዝል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

የዱንያ ነጋዴዎችም ይህን ዋጋ አሳምረው ያውቁታል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ስታዲየሞችን ባዶ ባደረገበት ወቅት የጀርመንና የእንግሊዝ የኳስ ጨዋታዎች ያለ ተመልካች ሲካሄዱ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ አስቀድሞ የተቀረጸ የደጋፊ ጩኸት ከሥዕሉ ጋር እየቀላቀሉ ያስተላልፉ ነበር። ጩኸት የሌለው ኳስ ገዢ እንደማይስብ ገብቷቸዋል። በሩጫም እንዲሁ ነው። እኛ ሰሜን ሸዋዎች የጫጫዋን ልጅ ጌጤ ዋሚን እናስታውሳለን፤ በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ብር፣ በ5,000 ሜትር ነሐስ ያገኘች፣ የበርሊንን ማራቶን በ2006 እና በ2007 እ.ኤ.አ. ያሸነፈች ጀግና ናት። በትልልቅ ማራቶኖች ከፊት እየሮጠ ፍጥነት የሚያስጠብቅ አሯሯጭ አለ። አሯሯጩ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው መስመር ላይ አይደርስም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይወጣል። ይሁንና አላሸነፍክም ብሎ ሒሳቡን የሚከለክለው የለም፤ የተቀጠረው ሌላው እንዲሮጥ ለማገዝ ነውና።

ታዲያ አስጨፋሪዋ ላይ ሲደርስ ነገሩ ለምን ይለወጣል?

በዚህ ጉዳይ ሀብታሟ አሜሪካ ሳይቀር ጉዷ ወጥቷል። በዚያ አገር የእግር ኳስ ብለው በሚጠሩት ጨዋታ አብዛኞቹ ክለቦች ሴት አስጨፋሪዎች አሏቸው። አለባበሳቸውንና ትርዒታቸውን እዚህ መግለጽ አያስፈልግም፤ አንባቢ ይገባዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የኦክላንድ ሬይደርስ አስጨፋሪ የነበረች አንዲት ሴት ክለቡን ከሰሰች። ለአንድ የሜዳው ጨዋታ 125 ዶላር፣ ለወቅቱ በሙሉ 1,250 ዶላር፤ እሱም የሚከፈለው ወቅቱ ካለቀ በኋላ ነበር። ልምምዱ፣ ፎቶግራፍ መነሣቱና በየዝግጅቱ መቆሙ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ጥፋት ሲገኝ ግን መቀጮ ነበረው። ክለቡ በዚያው ዓመት 1.25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ገንዘቡም ከ2010 ጀምሮ ለሠሩ 90 ያህል ሴቶች የሚከፋፈል ነበር። በሲንሲናቲ ክለብ የነበረች ሌላዋ ከሳሽ ደግሞ ከ300 ሰዓት በላይ ሠርታ 855 ዶላር ብቻ እንደ ተከፈላት አመለከተች። የባሰው የቡፋሎ ነው። እዚያ ለጨዋታው ምንም አይከፈላቸውም ነበር፤ የሚያገኙት የመግቢያ ቲኬትና የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ነው። በ2015 የካሊፎርኒያ ግዛት የክለብ አስጨፋሪዎች እንደ ማንኛውም ተቀጣሪ የደሞዝ ሕግ ይጠብቃቸው የሚል ሕግ አወጣ። ሕጉን ያመነጨችው እንደራሴ ራሷ በተማሪነቷ አስጨፋሪ የነበረች ናት።

እነዚያ ክለቦች በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚያንቀሳቅሱ መሆናቸውን ልብ በሉ። ከሴቶቹ ሒሳብ ላይ የሚቆጥቡት ለክለቡ ከባሕር አንድ ጭልፋ ነው። አእምሮዬን የያዘው ግን የገንዘቡ ማነስ አይደለም፤ የሚሰጡት ምክንያት ከደብረ ብርሃኑ ሰውዬ ምክንያት ጋር አንድ መሆኑ ነው። «ክብሩ ይበቃቸዋል። በር ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁ ብዙ ናቸው።» ለሰማንያ ሺህ ተመልካች የሚያሳየውም፣ ለአንድ ወረዳ ሕዝብ የሚያሳየውም አንድ ዓይነት ቃል ይናገራሉ።

ይህ ቃል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ጥንት መኳንንቱ ግብር ሲያበሉ አዝማሪው ያወድሳል፣ ያፎክራል፤ ጌታው ደስ ካለው ልብሱን አውልቆ ይሸልመዋል፣ ካላለው ባዶ እጁን ይወጣል። አዝማሪው «የሠራሁበትን» ብሎ የሚከስበት ዳኛ የለውም፤ የተሰጠው ሽልማት እንጂ ዋጋ አይደለምና። ሽልማት የሰጪው ደግነት ነው፤ ዋጋ ግን የሠሪው ሐቅ ነው። ዛሬ በዘመናዊ ልብስ የሚመጣው ማጭበርበር ሐቁን ወደ ሽልማት መለወጥ ነው። ለልጅቷ ካናቴራ ሲሰጧት አመስግኚ አሏት፤ 600 ብር ቢሰጧት ኖሮ ማንም አመስግኚ አይላትም ነበር።

የኛ አገር የኳስ አስጨፋሪዎችስ? በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ስታዲየሞች ከበሮ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ጀርባውን ወደ ሜዳው አዙሮ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሲያስጨበጭብ የሚውለውን ወጣት ሁላችንም አይተነዋል። ኳሱን አያየውም። በ2011 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ደሞዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ገደብ ለማበጀት እስኪገደድ ድረስ ክለቦቻችን ለተጫዋች ያፈሱ ነበር። ይሁንና እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ፤ ይህ ወጣት በፍቅር የመጣ ደጋፊ ከሆነ ደሞዝ ይገባዋል ብዬ አልከራከርም። በራሱ ኒያ የመጣና ና ተብሎ የተጠራ ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሲደክመው ቤቱ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ግን ሰዓት ተሰጥቶታል፣ ካናቴራ ለብሷል፣ ቢቀር ይጠየቃል። የእህቴ ልጅ የሁለተኛው ወገን ናት። ክለቦችም ሁለቱን ሆን ብለው ሲቀላቅሉ፣ ማለትም ሥራውን እንደ ተቀጣሪ አዘው ክፍያውን እንደ በጎ ፈቃደኛ ሲያደርጉት፣ ያን ጊዜ ነው ግፉ።

ይህን ሁሉ አውጥቼ አውርጄ ስጨርስ ያው የሐራሙ ጥያቄ ቀረኝ። ሙፍቲ አይደለሁምና ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ አንድ አረጋዊ ሸይኽ ሄድኩ። «ሸይኻችን፣ አንዲት ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ ተከለከለች። ሥራው ሸሪዓ የሚወደው አይደለም። ሒሳቧን ትጠይቅ ወይስ ትተወው?» አልኳቸው። ስለ ልጅቷ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ «ሰውየው ገንዘቡን የት አደረገው?» አሉኝ።

«እሱ ጋ ነው።»

«ታዲያ ፈትዋ የምትጠይቁት ለሷ ነው ለሱ?»

ከዚያ ኢብኑል ቀዪም በዛዱል መዓድ ያነሡትን አስታወሱኝ። ሙሉ በሙሉ ሐራም ለሆነ አገልግሎት ገንዘብ የከፈለ ሰው እንኳ አገልግሎቱን ካገኘ በኋላ ገንዘቡ ይመለስልኝ ማለት እንደማይችል፤ ጥቅሙንም ዋጋውንም አንድ ላይ መሰብሰብ እንደማይገባው፤ ተቀባዩ ቢቶብት ገንዘቡን ለሰደቃ እንደሚያወጣው እንጂ ለዚያ ሰው እንደማይመልሰው ያብራሩበት ቦታ አለ። «ይኸ እንግዲህ ለባሰው ነገር ነው» አሉ ሸይኹ። «ልብሷን ለብሳ አደባባይ ላይ ሯጭ ያበረታታች ልጅ እዚያ ውስጥ መግባቷንም እኔ አልናገርም። ሙዚቃውንና መደባለቁን ምከሩአት፣ እሱ የናንተ ግዴታ ነው። ሐቋን ግን ምክራችሁ አይበላውም።» ቀጥለውም ፉቀሃዎች ውሉ ጎዶሎ ሆኖ ሥራው ከተሠራ ለሠራተኛው ኡጅረቱል ሚስል፣ ማለትም ለዚያ ዓይነት ሥራ በልማድ የሚከፈለው ዋጋ፣ ይገባዋል ማለታቸውን ነገሩኝ። ስለዚህ «ምን ፈርማችኋል?» የሚለው ጥያቄ በሸሪዓ ፊት የሚያስመልጥ አይደለም። በአገሩ ሕግም ቢሆን ያው ነው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው የውሉን ፍሬ ነገር በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል እንጂ የቃል ውል ስለሆነ የሠራተኛው መብት ይጠፋል አይልም።

ምናልባት አንዱ ይነሣና «ንግድ በመፈቃቀድ ነው፤ የአሜሪካኖቹ ሴቶች 125 ዶላሩን ወደውና ፈርመው ነው የገቡት» ይል ይሆናል። የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፤ አላቃልለውም። መፈቃቀድ የንግድ መሠረት መሆኑን ቁርኣን አስተምሮናል። ይሁንና ያው ቁርኣን ነቢዩ ሹዐይብ (ዐ.ሰ.) የመድየን ሰዎችን ስለ ሚዛን ብቻ ሳይሆን የሰዎችን ነገር አራክሶና አጉድሎ ስለመገመትም እንዳስጠነቀቁ በተደጋጋሚ ይነግረናል። በመድየን ገበያም እኮ ሻጩ ተስማምቶ ነበር የሚሸጠው፤ ዕቃው ተራክሶበት፣ ሌላ ገዢ አጥቶ ተስማማ። ሥራ ያጣች ልጅ 600 ብር ስትባል እሺ ትላለች፣ 300 ቢሏትም እሺ ትል ነበር። እሺታዋ የሥራውን ዋጋ አይነግረንም፤ የሚነግረን ችግሯን ነው። በችግሯ ልክ መክፈልና በሥራዋ ልክ መክፈል የተለያዩ ናቸው።

ይህ ደግሞ በጭፈራ ብቻ የሚቀር አይደለም። ማንም ነውር የማይለው የፋብሪካ ሥራ ላይም አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ከዓለም ልብስ አምራች አገሮች ዝቅተኛው መሆኑን ጽፏል። ጥናቱ ያተኮረው ሐዋሳ ላይ ነበር፤ ደብረ ብርሃንም ግን የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። «ብዙ ሥራ ፈላጊ አለ» የሚለው ቃል እዚያም ይሰማል።

ሸይኹ ከመለየታችን በፊት አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አላህ (ሱ.ወ.) በቂያማ ቀን ራሱ ባላንጣ ሆኖ የሚቆምባቸው ሦስት ሰዎች ተጠቅሰዋል፦ በአላህ ስም ቃል ገብቶ ያፈረሰ፣ ነጻ ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ ለሙሉ ከተቀበለ በኋላ ሒሳቡን ያልከፈለ። «ሁለተኛውና ሦስተኛው ጎን ለጎን የተቀመጡት ለምን ይመስላችኋል?» አሉኝ። ወደ ቤቴ ስሄድ ያሰብኩት ስለ አልዩ አምባ ነበር። የአባቶቼ አገር ወደ አንኮበር ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር የሸዋ መናገሻ ሳለች ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች፤ ጨውና ቡና፣ ጨርቅም ይነገድባት ነበር። በአቅራቢያዋ ደግሞ ዐብዱረሱል የሚባል የባሪያ ገበያ እንደ ነበረ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ አንኮበር የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ጽፎታል። ነጋዴዎቹ ውስጥ የኛው ሰዎች ነበሩበት፤ ይህን መደበቅ አይጠቅመንም። እነዚያ ሰዎች ይሰግዱ ነበር። የጁምዓን ኹጥባ ይሰሙ ነበር። በዘመናቸው የተለመደ ነገር ስለሆነ ሐዲሱን ከራሳቸው ጋር አላገናኙትም። የባሪያ ገበያ ቀርቷል። ከጎኑ የተጻፈውን ሦስተኛውን ግን እኛ ዛሬ ከራሳችን ጋር አገናኝተነዋል ወይ?

ከራሴው ልጀምር። በሰርጋችን ላይ ሌሊቱን ሙሉ ድቤ ሲመቱና መንዙማ ሲያወጡ ያደሩትን «ጀዛኩሙላህ ኸይር» ብለን ከቁርስ ጋር የሸኘንበት ጊዜ አለ። በመድረሳችን ሃምሳ ልጆች የሚያቀራውን ኡስታዝ «ለአላህ ብለህ ነው» እያልን ሦስት ወር ደሞዝ ስናሳድርበት የቤት ኪራዩን ለአላህ ብሎ የሚምረው አከራይ እንደሌለ እናውቃለን። ኒያው የሱ ነው፤ የእኛ ኒያ ምን እንደሆነ አንጠይቅም። «ለአላህ ብለህ» የሚባለው ቃል ከሠሪው አፍ ሲወጣ ዒባዳ ነው። ከከፋዩ አፍ ሲወጣስ? ያ የደብረ ብርሃኑ ሰውዬ «አገር ያያችኋል» ካለው በምን ይለያል? እሱ እንኳ የአላህን ስም አልጠራም።

በዋሻ ተዘግቶባቸው በመልካም ሥራቸው አላህን የለመኑትን የሦስቱን ሰዎች ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ሦስተኛው ሠራተኛው ጥሎት የሄደውን ጥቂት ሒሳብ ሲያራባ ቆይቶ፣ ከዓመታት በኋላ ሰውየው ሲመለስ ግመሉንም ከብቱንም በጉንም «ያንተ ነው» ብሎ ያስረከበው ነው። ሠራተኛው እየቀለድክብኝ ነው ወይ እስኪለው ድረስ። ድንጋዩ የተንከባለለው በዚህ ነው። እኔ ግን ልጅቷ በሬ ድረስ መጥታ የለመነችኝን 400 ብር በስብከት መለስኳት።

በማግስቱ ጠዋት ጠራኋትና «ተነሽ፣ እንሂድ» አልኳት። በመንገድ ላይ ምክሬን አልተውኩም፤ ሙዚቃ ወዳለበት እንዳትሄድ ነገርኳት። «እሺ ጋሼ፣ መጀመሪያ ግን ሌላ ሥራ ይፈልጉልኛል?» አለችኝ። እፈልጋለሁ አልኳት፤ ይህም አማና ሆኖ ትከሻዬ ላይ አለ።

ሰውየው ከልጅቷ ጋር ሲያየኝ ደነገጠ። ሻይ አዘዘልን። ሙስሊም መሆኑን ሳልጠቅስ ብቀር ጽሑፌ ጎዶሎ ይሆናል፤ በጁምዓ አንድ ሰፍ ላይ ቆመን የምንሰግድ ሰዎች ነን። ስለ ወጪው ብዛት፣ ስፖንሰር አድራጊው ገና ስላልከፈለው ብዙ አወራ። እሱም እንደሷ ሒሳቡን የሚጠብቅ መሆኑን ስሰማ ትንሽ አዘንኩለት። ሆኖም ልጅቷ ስፖንሰሩን አታውቀውም፣ ሌሊት 11 ሰዓት ነይ ያላት እሱ ነው። ይህንኑ ነገርኩት። ለሷ 200 ብር ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት፤ የሷን ቀሪ 200 እና የሌሎቹን የስምንቱን ልጆች ሒሳብ ማክሰኞ እከፍላለሁ ብሎ ቃል ገባ። የአምስቱን ቀን ልምምድ ሳነሣበት «እሱ እንኳ አልተነጋገርንበትም» አለ። ልጅቷም አልተነጋገርንም አለች።

የስምንቱን ልጆች ስም ጽፌ ይዤአለሁ። ማክሰኞ ከዙህር በኋላ አብረን እንሄዳለን፤ የልምምዱንም ነገር ያን ጊዜ እናነሣዋለን፣ ኢንሻአላህ።